ስንብት ያስደገመው ፊልም ሠሪ

አንድ ፊልም ሠሪ በሩቅ ተራራማ አገር ይኖር ነበር፤ ስሙ ኖርቡ ይባላል። የሚሠራው የፍቅር ፊልም ብቻ ነው፤ እንደ አገሩ ሰው ግን የቡድሃን ትምህርት ይቀላቅልበታል። በፊልሞቹ ውስጥ የሚዋደዱ ሰዎች አይጋቡም። ወንዝ ዳር ቆመው ይተያያሉ፣ ሁሉ አላፊ ነው ይባባላሉ፣ ከዚያ በየፊናቸው ይሄዳሉ። «መውደድ ማለት የሙጥኝ አለማለት ነው» የሚለው ቃል ከአንዱም ፊልሙ አይጠፋም። ሕዝቡም መሀረቡን አጥቦ ተመልሶ ይመጣል።

ሚስቱ ዴኪ ግን መሀረብ አላወጣችም። ሸማኔ ናት። ስትሸምን ይቀርጻታል፣ ስትታመም ይቀርጻታል፣ ስታኮርፍማ መብራት ያስተካክልላታል።

«ዓይንህ ምን እንደሚመስል እኮ ረሳሁት» ትለዋለች።

«ሁሉም ያልፋል፤ አንቺ እንዳታልፊብኝ ብዬ ነው» ይላታል።

የዴኪ አባት ሞቱ። እኛ አርባ እንደምናወጣው ሁሉ፣ በዚያ አገር በአርባ ዘጠነኛው ቀን ለሟች ጸሎት ይደረጋል። ነፍስ ወደ ሌላ ልደት የምትሻገርበት ቀን ነው ይላሉ፤ ከዚያ ጸሎት የቀረ አማች ዘመድ አይባልም።

«አንድ ነገር ልለምንህ» አለችው ዴኪ። «ለአባቴ ጸሎት ወደ አገሬ አብረኸኝ ሂድ። ሦስት ቀን ነው። ካሜራህ እዚህ ይቅር። ይቺን እንኳ ካላደረግህልኝ እዚያው እቀራለሁ።»

«እሄዳለሁ» አለ ኖርቡ። ማለ ተገዘተ።

ችግሩ፣ ያን ሰሞን ሸማኔ ስለወደደ መነኩሴ ፊልም እየሠራ ነበር። የቀረው ስንብቱ ብቻ ነው። ተዋናይዋ ሃያ ጊዜ አለቀሰች፤ አንዱም አልጣመውም። «ሽንኩርት የላጠች ነው የምትመስለው» እያለ ይንቆራጠጣል።

የጉዞው ዕለት ጠዋት ዴኪ ጓዟን አዝላ አውቶቡሱ ወደሚቆምበት ድልድይ ወረደች። ኖርቡ ቀድሟት ደርሷል። ደርሷልስ፣ ካሜራውን ተክሎ ነው እንጂ! አጠገቡ ለተዋንያኑ የመነኩሴ አለባበስ የሚያስተምሩ አንድ አዛውንት መነኩሴ ቆመዋል።

ዴኪ ድልድዩ መሀል ላይ ዞር አለች።

«ኖርቡ፣ መኪናው ሊነሳ ነው። ተወውና ና!»

ኖርቡ የካሜራውን ዓይን ወደ ፊቷ አቀና።

«ና እንጂ! ዛሬ ካልመጣህ ጨረስን።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሃያ ጊዜ የተፈለገው እንባ ይኸው! በዚያችው ቅጽበት ቁራጭ ደመና ፀሐይዋን ሸፈናት።

«ዴኪዬ» አለ፣ ዓይኑን ከካሜራው ሳይነቅል፣ «ደመና ገባብን። ‹ተወውና ና› ከሚለው ጀምረሽ ድገሚልኝ።»

ዴኪ አየችው። ከዚያ ሳቀች፤ የሚያስፈራ ሳቅ።

«የአባቴንም ሞት ልድገምልህ?» አለችና ሄደች።

ኖርቡ ወደ ድልድዩ ሁለት እርምጃ ተራመደ፤ ካሜራው ትዝ ቢለው ተመለሰ። እንደገና ተራመደ፣ እንደገና ተመለሰ። አውቶቡሱ ተነሳ።

«ይሁን» አለ ለመነኩሴው። «ትምህርታችንስ ልቀቁ አይደል የሚለው፣ አባቴ? ለቀቅኋት።»

«አንተ?» አሉ መነኩሴው። «ልጄ፣ ሰው የሚለቀው የያዘውን ነው። እሷን መቼ ይዘሃት ታውቃለህ? የሙጥኝ ያልከው ካሜራህን ነው፤ እሱን ደግሞ ይኸው አልለቀቅህም።»

«ሥራዬ ነዋ!»

«የእኔም ሥራ ጸሎት ነው። ሰው ሲወድቅ ካየሁ ግን አቋርጬ አነሣለሁ።»

ኖርቡ ነገ እሄዳለሁ አለ። ነገ ደግሞ ፊልሙ የሚቆረጥና የሚቀጠል ነበረው። ከነገ ወዲያ ድምፅ ማስገባቱ ቀረው። እንቅልፍ አጣ፣ ምግብ አስጠላው፣ ግን አልሄደም። አርባ ዘጠነኛው ቀን አለፈ።

ፊልሙ ወጣ፤ ከመንደር መንደርም ዞረ። ኖርቡ ራሱ አንድ አዳራሽ ገብቶ፣ ወንበሩ እሾህ እንዳለበት ሁሉ እየተቁነጠነጠ ያይ ጀመር። በተዋናይዋ ቦታ የገባችው ዴኪ ድልድዩ ላይ ዞር ብላ «ና እንጂ!» ስትል ከፊት የተቀመጡ አንዲት ባልቴት አላስቻላቸውም።

«ሰውየው ደንቆሮ ነው እንዴ? ሂድ እንጂ፣ አንተ ግንድ!»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ኖርቡ ፊልሙ እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ በዚያው እግሩ ወደ ዴኪ አገር ገሠገሠ።

ሽመና ላይ አገኛት።

«ካሜራውን ትቼው መጣሁ» አላት።

ዴኪ ቀና ብላ ባዶ እጁን አየች። «ፊልሙ እዚህም መጥቶ ነበር፤ አይቼዋለሁ። አሳምረህ ነው የቀረጽከኝ። ያቺ ሴት በፈለግሃት ሰዓት ትጠራሃለች፣ ታለቅስልሃለች፤ አትሰለችም። ከእሷ ጋር ኑር። እኔ ሥራ አለብኝ።»

መወርወሪያዋን አነሣች።

ወገኖቼ፣ ሁሉ አላፊ ነው ማለትን ማንም ይችላል፤ ከባዱ ሳያልፍ መድረስ ነው። ስንቱ አለ፣ ከሰው መራቁን ጥበብ ብሎ የሚጠራ! ነፃነቷን ሰጠኋት ይላል፤ የሰጣት ጀርባውን ነው። የሙጥኝ አለማለት አጠገብ አለመገኘት አይደለም። መልቀቅም የሚያምርበት አጥብቆ የወደደ ሰው ነው።

ይህን ስታነቡ ከጎናችሁ የተቀመጠው ሰው ቅድም ጠርቷችሁ ነበር። ምን ነበር ያለው?