አልቀላም ያለው ካርታ

ጆሮ ያለው ጆሮውን ያውሰኝ፤ ተረቱ ሲያልቅ እመልሳለሁ።

በጣና ዳር፣ በክረምት ጭቃው ጉልበት በሚደርስበት መንደር፣ ስመኝ የምትባል እናት ነበረች። ስመኝ እንቅፋት ቢመታት እንኳ «ጥፍሬን ስለተውክልኝ ተመስገን» የምትል ሴት ናት። ጥሩዬ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት። የምትበላውን ሁሉ ወስፋት እየበላባት፣ ሆዷ ተነፍቶ ክንዷ ሰልሎ፣ ጥሩዬ ከጨዋታ ቀርታለች። ስመኝ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የወስፋት ክኒን።

ጤና ኬላ ሄደች። የጤና ኤክስቴንሽኗ ፈንታዬ ባዶ ሳጥን ከፍታ አሳየቻት።

«እትዬ ስመኝ፣ ከየት ላምጣልሽ? ክኒን የሚያድለው የወረዳው መኪና እኛ ጋ አልመጣም።»

«ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ወረዳ ከተማ ወርዳ መኪናውን ለመነችው።

«መኪና ሆይ፣ ሂድልኝ። መኪና ካልሄደ ሳጥን አይሞላም፣ ሳጥን ካልሞላ ጥሩዬ አትድንም።»

«አልሄድም» አለ መኪናው። «እኔ የምሄደው ካርታው ላይ ቀይ ወደተቀባ፣ ትል ወደበዛበት መንደር ነው። የእናንተ ነጭ ነው።»

አመስግና ወደ ካርታው ሄደች። በወረዳው ጤና ቢሮ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ተዝናንቷል።

«ካርታ ሆይ፣ ቅላልኝ። ካርታ ካልቀላ መኪና አይሄድም፣ መኪና ካልሄደ ሳጥን አይሞላም፣ ሳጥን ካልሞላ ጥሩዬ አትድንም።»

«አልቀላም» አለ ካርታው። «ማይክሮስኮፑ ትል አላየም። ደግሞስ ነጭ መሆን ማን ይጠላል?»

ይህንንም አመስግና ወደ ማይክሮስኮፑ ሄደች።

«ማይክሮስኮፕ ሆይ፣ እይልኝ። ማይክሮስኮፕ ካላየ ካርታ አይቀላም፣ ካርታ ካልቀላ መኪና አይሄድም፣ መኪና ካልሄደ ሳጥን አይሞላም፣ ሳጥን ካልሞላ ጥሩዬ አትድንም።»

«ዓይኔ ደህና ነው» አለ ቆጣ ብሎ። «ከመንደራችሁ የመጣውን የሰገራ ብልቃጥ ሁሉ አይቻለሁ። ያልተሰጠኝን ከየት ልይ?»

ብልቃጡን ብትጠይቀው አፈረ። «እኔም ወንድሞቼም የተሞላነው ከአንድ ልጅ ነው። አያ አዛናውን ጠይቂ።»

አያ አዛናው የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው። የጤና ባለሙያዎች ሰገራ ሊመረምሩ መጥተው ለየቤቱ ብልቃጥ ያደሉ ጊዜ «የአገር ገመና ለእንግዳ አይገለጥም» ብለው፣ ከከተማ ለእረፍት የመጣውን ንጹህ የልጅ ልጃቸውን፣ ያብስራን፣ ለመንደሩ ሁሉ አስሞሉት። ምስኪን ልጅ፣ ብልቃጡ ሁሉ እስኪሞላ ከየቤቱ ሽሮ ሲጋበዝ ሰነበተ። ሰውም ነገሩን እንግዳ ሲመጣ ደህናውን ጋቢ እንደመልበስ ቆጥሮት እሺ አለ።

«አያ አዛናው» አለች ስመኝ፣ «ገመናችንን ስለሸፈኑልን እግዜር ያክብርልኝ። ግን ገመና ከተሸፈነ ብልቃጥ ይዋሻል፣ ብልቃጥ ከዋሸ ማይክሮስኮፕ አያይም፣ ማይክሮስኮፕ ካላየ ካርታ አይቀላም፣ ካርታ ካልቀላ መኪና አይሄድም፣ መኪና ካልሄደ ሳጥን አይሞላም፣ ሳጥን ካልሞላ ጥሩዬ አትድንም።»

ሽማግሌው «የመንደር ስም...» ብለው ሲጀምሩ ከጓዳ ድምፅ መጣ።

«አባባ፣ ሆዴን።»

ያብስራ ነው። ክረምቱን ጭቃ ሲያቦካ፣ ባልታጠበ እጁ ሲበላ ከርሞ ሆዱ እንደ ጥሩዬ ሆድ ተነፍቷል።

አያ አዛናው ቁጭ አሉ። «ስመኝ ልጄ፣ ስማችንን ስጠብቅ ልጆቻችንን ጥዬ ኖሯል። በደልኩሽ።»

ከዚያም የያብስራን ብልቃጥ በገዛ እጃቸው ይዘው፣ ማንም እንዲያይ በመንደሩ መሃል አለፉ። ሰውም የየራሱን ይዞ ተከተላቸው።

ገመና ተገለጠ፣ ብልቃጥ እውነት ያዘ፣ ማይክሮስኮፕ አየ፣ ካርታ ቀላ፣ መኪና ሄደ፣ ሳጥን ሞላ፣ ፈንታዬም ክኒኗን ጥሩዬ መዳፍ ላይ አኖረች። ለያብስራም ሰጠችው።

ሰንበት ብሎ ጥሩዬ ከጨዋታ እየሮጠች ገባች። «እማዬ፣ ራበኝ።»

ስመኝ እንባዋ መጣ። አሁን የራበው ወስፋቱን ሳይሆን ልጇን ነው። እጇን አስታጥባ፣ «ቀይ ስላደረግኸን ተመስገን» እያለች ዳቦ ቆረሰችላት።

ጆሯችሁን ይኸው መለስሁ፤ እናንተም እጃችሁን ታጥባችሁ ዳቦዬን ቁረሱልኝ።