እምቢ ያለችው ብልጭታ

ተረት ልጀምር ነው፤ «እንስማ» በሉኝ! አላችሁ? ጎሽ።

ትርሲት የምትባል የፊዚክስ ሊቅ ነበረች። ከዋክብት የሚያበሩት ሃይድሮጅን እያነደዱ ነው፤ እሷ ደግሞ በምን ፍጥነት እንደሚያነዱት መለካት ፈለገች። ከሰማይ የሚዘንበው ጨረር እንዳይረብሻት ከተራራ ሥር፣ አሮጌ የወርቅ ማውጫ ዋሻ ውስጥ ገባች። እዚያ በማሽን የኮከብን እሳት በትንሹ ትሠራለች፤ ከእሳቱ ጨረር ሲወጣ ክሪስታሏ ብልጭ ይላል። ያንን ብልጭታ ስትለቅም፣ ስትለቅም ኖራ አንዲት ብቻ ጎደለቻት። ዋሻው ደግሞ ዛሬ ማታ ሊዘጋ ነው! ያቺ ብልጭታ ካልመጣች የስንት ዓመት ልፋቷ ገደል ገባ።

«ክሪስታሌ፣ እባክህ ብልጭ በልልኝ» አለችው።

«ካርቦኑ ጨረር ሳይሰጠኝ?» አለ ክሪስታሉ።

ወደ ካርቦኑ ዞረች፤ ያው የኛው ከሰል ነው፣ ብረት ላይ ስስ ሆኖ ተቀብቶ ነው እንጂ። «ፕሮቶን ሳይመታኝ ጨረር ከየት ላምጣ?» አለ። ካርቦኑ ጨረር አልሰጥ አለ፤ ክሪስታሉ ብልጭ አልል አለ።

ፕሮቶን ዘንድ ሄደች፤ የሃይድሮጅን አስኳል ነው፣ ኩሩ ነው። «ካርቦን ስጠጋው ይገፈትረኛል! ማሽኑ ካልወረወረኝ ንቅንቅ አልልም» አላት። ፕሮቶኑ ካርቦኑን አልመታ አለ፤ ካርቦኑ ጨረር አልሰጥ አለ፤ ክሪስታሉ ብልጭ አልል አለ።

ማሽኑን ለመነችው። «ሰውነቴ ግሏል! መጀመሪያ ውሃ ያቀዝቅዘኝ» አለ። ውሃውን ለመነችው። «ጋሽ ደምሰው ፓምፑን ሳያስነሱ ዳገት ልውጣልሽ እንዴ?» አላት። ውሃው ማሽኑን አላቀዘቅዝ አለ፤ ማሽኑ ፕሮቶኑን አልወረውር አለ፤ ፕሮቶኑ ካርቦኑን አልመታ አለ፤ ካርቦኑ ጨረር አልሰጥ አለ፤ ክሪስታሉ ብልጭ አልል አለ።

ጋሽ ደምሰው የፓምፑ ሽማግሌ ናቸው። እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። «የዋሻውን ወግ ታውቂያለሽ ልጄ። ከብርቄ እጅ ሳልጎርስ ፓምፕ ነክቼ አላውቅም። እሷ ደግሞ ዛሬ አኩርፋለች» አሏት።

ኧረ ጉድ! ወደ ወጥ ቤት ሮጠች። እትዬ ብርቄ፣ የዋሻው ወጥ ሠሪ፣ ጀርባቸውን ሰጧት።

«እትዬ፣ ምነው?»

«ምነው ትይኛለሽ? ቆላ ወርጄ ያመጣሁትን ሙዝ፣ ይቀዝቅዝ ብዬ ክሪስታልሽ አጠገብ ባስቀምጠው፣ አንድ ቃል ሳትተነፍሺ ደጅ አልጣልሽውም? የኔ ሙዝ ቆሻሻ ነው? አላጎርስም!»

እትዬ ብርቄ አላጎርስ አሉ፤ ጋሽ ደምሰው ፓምፑን አላስነሳ አሉ፤ ውሃው ማሽኑን አላቀዘቅዝ አለ፤ ማሽኑ ፕሮቶኑን አልወረውር አለ፤ ፕሮቶኑ ካርቦኑን አልመታ አለ፤ ካርቦኑ ጨረር አልሰጥ አለ፤ ክሪስታሉ ብልጭ አልል አለ። የችግሩ ሁሉ ጫፍ ለካ በራሷ በትርሲት እጅ ኖሯል! በጣም አፈረች።

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ» አለች ጎንበስ ብላ። «ሙዝ ውስጥ የራሱ የሆነ ትንሽዬ ጨረር አለ። ሰው አይጎዳም፤ ክሪስታሌ ግን ያየዋል፣ ከኮከቤ ብልጭታ ጋርም ያምታታብኛል። ማስረዳት ሲገባኝ ተቻኮልኩ።»

«የኔ ሙዝ?» አሉ እትዬ፤ ዘወር አሉ። «የኔ ሙዝ ከኮከብ ጋር ይምታታል? እንዲህ አትይኝም ታዲያ! ነይ፣ አንቺም ጉረሺ!»

ከዚያማ ማን ያስቁመው! እትዬ ብርቄ አጎረሱ፤ ጋሽ ደምሰው ፓምፑን አስነሱ፤ ውሃው ማሽኑን አቀዘቀዘ፤ ማሽኑ ፕሮቶኑን ወረወረ፤ ፕሮቶኑ ካርቦኑን መታ፤ ካርቦኑ ፕሮቶኑን ዋጠና ጨረር ሰጠ፤ ክሪስታሉም ብልጭ!

«እልልልል!» እትዬ ብርቄ ዋሻውን አናወጡት። ትርሲት ሳቀችም፣ አለቀሰችም። «ለካሁት! ኮከቡ በምን ፍጥነት እንደሚነድ አወቅሁ!»

ዋሻው ከኋላቸው ተዘጋ። ደጅ ሲወጡ መሽቷል፤ ሰማዩ በከዋክብት ሞልቷል። እትዬ ብርቄ የተጣለውን ሙዛቸውን ከሣሩ ላይ አንስተው አቀፉና ቀና አሉ።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ከሙዜ ጋር የተምታታው የትኛው ነው?»

«ሁሉም፣ እትዬ» አለች ትርሲት። «ሁሉም።»

እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ እናንተ ሙዛችሁን ላጡ።