አህያዋ ያልበላችው ሰርዶ

አንድ ጊዜ፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለች ጠባብ ጓሮ የምትኖር አንዲት አህያ ነበረች። ባለፈው ክረምት ጎርፍ የጓሮዋን ግማሽ ንዶ አንድ ውርንጭላዋን ይዞባት ሄዷል። ዘመዶቿ ቦታውን ለቃ እንድትሄድ ቢለምኗትም እሺ አላለችም። መሬቱ የተናደው ራቁቱን ስለነበረ መሆኑ ገብቷታል።

ስለዚህ ወንዝ ዳር ወርዳ፣ በጋ ከክረምት የማይደርቀውን ሰርዶ ከነሥሩ በአፏ እየነቀለች አመጣች። በኮቴዋ እየቆፈረች በየስንዝሩ ተከለችው። ውሃ በቅል እያመላለሰች አጠጣችው፤ አረሙንም በጥርሷ ለቀመችለት። በመጀመሪያው ዓመት ሰርዶው እዚህም እዚያም ብቅ ከማለት አላለፈም። በሁለተኛው ግን ግራና ቀኝ እየተሳበ መገናኘት ጀመረ።

የዚያ ዓመት በጋ ከባድ ነበር። አህያ ጎድኗ እስኪቆጠር ከሳች። ለምለሙን ጓሮዋን እያለፈች፣ የደረቀ ገለባ ፍለጋ ሩቅ ትሄዳለች። ከጓሮው ሥር ጉድጓድ ውስጥ ከሦስት ግልገሎቿ ጋር የምትኖረው ቀበሮ ይህ ገረማት።

«እመት አህያ፣ ሳሩ ደጅሽ ላይ እያለ ስለ ምን ትራቢያለሽ?»

«ሥሩ ገና መሬቱን አልያዘም፤ እስኪይዝ ልራብ» አለች አህያ።

ቀበሮ ግን ሰርዶው ሥር አይጦች መግባታቸውን አይታ ነበር። ራሷ መቆፈር አልፈለገችም። ወደ ጅብ ሄዳ የአህያ ውርንጭላ አጥንት እዚያ መቀበሩን በሹክሹክታ ነገረችው። አያ ጅቦ ውርንጭላዋን ጎርፍ እንደወሰደባት ትዝ እንኳ ሳይለው ምራቁን ዋጠ። አህያ ወንዝ በወረደችበት ሰዓት መጥቶ ጓሮዋን ማሰ። ቀበሮም የተበተኑትን አይጦች ለቃቅማ ለልጆቿ ወሰደች። ጅብ አጥንት ሲያጣ እያጉረመረመ፣ ጉድጓዱን እንደከፈተ ጥሎት ሄደ።

አህያ ስትመለስ ጉድጓዱ አጠገብ ብዙ ቆመች። ከዚያ አፈሩን መለሰች፤ ከዳር ዳሩም እየነቀለች እንደገና ተከለች። ሆኖም ሰርዶው ሥር ሳይሰድ ዝናቡ ቀደመው።

ጎርፉ በሰርዶው ላይ ሲያልፍ አንዲት ጭብጥ አፈር እንኳ አልወሰደም። ጅብ የማሰው ቦታ ሲደርስ ግን ሰርስሮ ገባ፤ ቁልቁል ወርዶም የቀበሮን ጉድጓድ አፈረሰው። ቀበሮ ሁለቱን ግልገሎች በአፏ አንጠልጥላ አወጣች። ሦስተኛው አልተገኘም።

ቀበሮ ከሁለቱ ግልገሎቿ ጋር አህያ ደጅ ቆመች። «ጅቡን የላክሁብሽ እኔ ነኝ» አለች።

አህያ ውሃ ልጅን ሲወስድ ምን እንደሚመስል ታውቀዋለች።

«ዱካሽን አይቼ ነበር» አለች። «አሁን ልጆቹን አስገቢ፤ ብርዱ ይጎዳቸዋል።»

ዝናቡ ሲያባራ ቀበሮ ማንም ሳያዛት ወንዝ ወርዳ፣ ሰርዶ ከነሥሩ በአፏ ይዛ ተመለሰች። አህያ በምን ያህል ርቀት እንደሚተከል አሳየቻት። የተናደው ቦታ እስኪሸፈን ድረስ ሁለቱ ጎን ለጎን ሠሩ።

ከዚህ የምንማረው ጎረቤት ደክሞ ያጸናውን መሬት ለጊዜያዊ ጥቅም የሚያስቆፍር፣ ጥፋቱ ዞሮ የገዛ ልጆቹን ሊወስድበት እንደሚችል ነው።