ጋሼ ወንበር ያጎነበሱ ዕለት

አንዲት ቃል ብዋሽ የነገን ፀሐይ አያሳየኝ፤ በዕድሜዬ ምያለሁ። ጠጋ በሉና ስሙኝ።

ድሮ ድሮ፣ መኪናም ምላስ በነበራት ዘመን፣ ጫጩት የምታህል አንዲት መኪና ነበረች። እመቤቷ ወይዘሮ ትርንጎ ለእህታቸው ልጅ ክርስትና ሊሄዱ ተነሡና የሚወስዱትን ሁሉ ግቢው ውስጥ ደረደሩት፦ ባዶ ጋን፣ የሽንኩርት ጆንያ፣ ሙክትና አውራ ዶሮ።

«ይህን ሁሉ ባንዴ ካልጫነች፣ ነገ ለደላላ ሰጥቼ ትልቅ መኪና እገዛለሁ» አሉና ልብስ ሊቀይሩ ገቡ።

መኪናዋ ይህን ሰማች። የኋላ በሯን በርግዳ «በሉ ግቡ፣ ግቡ፤ እሳቸው ሳይወጡ» አለች።

መግባቱስ መች ተገኝቶ። ጋን «ጆንያ ይቅደም» አለች። ጆንያ «ኧረ በሞቴ፣ እማማ ጋን እያሉ?» አለ። ሙክቱም «እኔ ብቀር እንኳ ቅር አይለኝም» አለ። የሚሄደው ለመታረድ ነዋ። ሲግደረደሩ፣ ሲግደረደሩ፣ የግቢው ጥላ ዞረ።

ሁለተኛው ሙከራ በዕድሜ ይሁን ተባለ፤ ታናሽ ከታች፣ ታላቅ ከላይ። ዶሮው ከታች፣ ሙክቱ ከላዩ፣ ጆንያው ከሙክቱ በላይ፣ ጋን ከሁሉም በላይ ጉብ። ዶሮው «ነፍሴ ወጣች» አለ፤ ጋን ተንገዳገደች፤ በሩም አልዘጋ አለ። ሁሉም ተግተልትለው ወረዱ።

«አንቺ ቅርጫት ነሽ፤ መኪና ማን አለሽ?» አለ ዶሮው ላባውን እያራገፈ።

በሦስተኛው መኪናዋ ወደ ኋላ ወንበሯ ዞረች። «ጋሼ ወንበር፣ እባክዎ ጎንበስ ይበሉልኝ።»

«እኔ? ስንት የተከበረ እንግዳ ያስቀመጥኩት ለሽንኩርት ላጎንብስ?»

«እኔ ስሸጥ እርስዎ እዚህ የሚቀሩ መስሎዎት ነው?»

ጋሼ ወንበር ኩራታቸውን ዋጥ አደረጉት። ከዚያ ጀርባቸው ቋ አለና እጥፍ ብለው ተኙ። የመኪናዋ ሆድ ሜዳ ሆነ፤ ፈረስ ቢጋልብበት አይጠብም!

ጋን አየችና አፈረች። «እሳቸው ካጎነበሱ እኔ ማን ነኝ?» ብላ ከታች ጋደም አለች። ጆንያው እንዳትንከባለል ጎኗ ሥር ተሸጎጠ። ዶሮው ሆዷ ውስጥ ገብቶ «እማማ፣ ቤትዎ እንዴት ሰፊ ነው» እያለ በአፏ አንገቱን ብቅ አደረገ። ሙክቱም ቦታ የለም የሚለውን ሰበብ አጣና ገባ። በሩ ጠቅ። ቦታው ከመትረፉ የተነሣ ጎረቤታቸው አቶ ሸዋቀና ከነጥንድ በሬያቸው ተሳፈሩ።

ወይዘሮ ትርንጎ ወጥተው ሲያዩ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ከእንግዲህ ደላላ በደጄ አይለፍ» ብለው መሪውን ጨበጡ።

ይኸውላችሁ፣ ቤት የሚጠበው ሁሉም ቀና ያለ እንደሆነ ነው፤ አንዱ ያጎነበሰ ቀን ለሁሉም ይበቃል።

አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ፦ ጆንያው ውስጥ የነበረው ድንች ነው። ሽንኩርት ያልኩት ለመኪናዋ እንድታለቅሱላት ብዬ ነው። በሬዎቹ ግን እውነት ናቸው።