የተራበው ዲስክ

የአንድ በገና ደርዳሪ ልጅ ነበረ። አባቱ ሲሞት ድምፁን የያዘ አንድ ሃርድ ዲስክ ተወለት፤ ሌላ ቅጂ አልነበረም።

አስካለ፣ «አባ፣ ልጄ አያቷን ልታስታምም ትገባለች፣ ጥቂት ቆይታ ጥላ ትወጣለች፣ ተመልሳ ደግሞ ትወጣለች፤ ላባርራት ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ስለ ሰው ጠይቀሽኝ ስለ ዕቃ የማወራው ጃጅቼ አይደለም። ታገሺኝ።

ሰውየው ዲስኩን ኢንተርኔት ለቤቱ ከሚያድለው ራውተር ላይ ሰካው፤ ቤተሰቡ በየክፍሉ፣ በየስልኩ የአባቱን በገና እንዲሰማ ብሎ። እኅቱም «የአባታችን ድምፅ ራቁቱን አይቀመጥም» አለችና በእጇ የሠራችውን ዳንቴል አለበሰችው። አምሮበት ነበር። ዳሩ ግን በገናው ጥቂት ይደረደርና ቀጥ ይላል። ዲስኩ ከራውተሩ ይጠፋል፤ ቆይቶ ይመለሳል፤ ደግሞ ይጠፋል።

ዘመድ ተሰበሰበ። ዘመድ መቼም ምክር አያልቅበትም። አንዱ «አርጅቷል፣ ጣለው» አለ። ሌላው «ፎርማት አድርገውና እንደ አዲስ ይጀምር» አለ። ፎርማት ማለት በውስጡ ያለውን ሁሉ መደምሰስ ነው። አድርገውት ቢሆን የአባትየው ድምፅ እዚያው ባከተመ ነበር።

ሰውየው ግን አልቸኮለም፤ ይሄ ነው ሰው! ገመዱን ለወጠ፤ ያው ሆነ። ዳንቴሉን ገፈፈ፤ ያው ሆነ። ዲስኩን ጎረቤት ወስዶ ኮምፒውተር ላይ ሰካው፤ በገናው ሳይቋረጥ ዋለ። «ዲስኩስ ጤነኛ ነው» አለ። ራውተሩ ላይ ደግሞ ትንሽ ፍላሽ ሰካበት፤ እሷም ሳትቋረጥ ዋለች። «ራውተሩም ጤነኛ ነው።» ከዚያ ዲስኩን መልሶ ሰካና ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ሊሽከረከር ይነሣል፣ ያቃስታል፣ ይወድቃል፤ ደግሞ ይነሣል። ያን ጊዜ ገባው። ትልቅ ዲስክ ለመሽከርከር ብዙ ኃይል ይፈልጋል፤ ራውተሩ የሚያቀብለው ደግሞ ለፍላሽ የምትበቃ ያህል ነው።

«ለካ ርቦት ኖሯል!» አለ።

ሄደና ከግድግዳው ሶኬት የራሱን መብራት የሚወስድ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ገዛ፤ ዲስኩን በእሱ በኩል ከራውተሩ ጋር አገናኘው። በገናው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተሰማ። እኅቱ «አለበስነው እንጂ አላበላነውም» ብላ አለቀሰች።

እኔ ሰውየውን አደንቀዋለሁ። ዲስኩን ግን የበለጠ አደንቀዋለሁ፤ በባዶ ሆዱ ስንቴ ተነሣ!

ልጅሽ ያ ዲስክ ናት፣ አስካለ። እናትሽን የምታገላብጣት እሷ፣ የምታጥባት እሷ፣ ስታቃስት የምትነሣላት እሷ። አንቺና ወንድሞችሽ በር ላይ ቆማችሁ «ተባረኪ፣ እንዳንቺ ያለ የለም» ትሏታላችሁ፤ ዳንቴላችሁ ይሄ ነው። ለመሆኑ መቼ ጠግባ ተኛች? ተራዋን ማን ተቀበላት? አንቺ ትጠፋለች ትዪኛለሽ፤ እኔን የሚገርመኝ መመለሷ ነው። ብታባርሪያት እናትሽን የሚወድ ልብ ነው የምትደመስሺው።

በይ ሂጂ። ዛሬ ስትመለስ አትውቀሻት፤ መመረቁንም ተዪው። እጅጌሽን ሰብስቢና እናትሽን አንቺ አጥቢ። ልጅቷ ትተኛ።