የአያቶች ጉብታና ያልተነሳው ዶማ

ከደንገዝ ወንዝ ማዶ፣ የሰሊጡ እርሻ በሚያልቅበት ጫፍ፣ አርባ ሁለት የድንጋይ ክምር የተደረደረበት ዝቅ ያለ ኮረብታ አለ፤ ስሙም የአያቶች ጉብታ ነው። ከግርጌው፣ የአገሩ ሽማግሌዎች ለሸንጎ በሚቀመጡበት ዋርካ ሥር፣ ግንዱን ተደግፎ የቆመ አንድ አሮጌ ዶማ ይታያል። በሸንጎው መካከል አንዱ ተነስቶ ሌላውን «መጤ» ያለ እንደሆነ ማንም አይቆጣውም፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዶማውን በጣቱ ያሳየዋል፣ ተሳዳቢውም አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ልማዱ ከየት እንደመጣ ሲጠየቁ ሽማግሌዎቹ በቅድሚያ ይስቃሉ፣ ከዚያ ይተርካሉ።

እንደሚነገረው ያ ቆላ በጥንት ጊዜ ጠፍ መሬት ነበር፤ ጠፍ የሚሉትም ከብት አርቢዎች በየበጋው ሲወርዱበት የኖሩትን ምድር ነው፣ እነርሱን የጠየቀ ስላልነበረ። ግራዝማች ውብነህ የሚባል ሰው አርባ አባወራ አስከትሎ ከደጋ ወርዶ ሰፈረበት። መሬቱ የዘሩበትን ሁሉ እጥፍ አድርጎ የሚሰጥ ሆነና ወሬው ደጋውን አዳረሰ፤ በአራተኛው ዓመት ሌሎች ችግረኞችም ጓዛቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ይጎርፉ ጀመር። ግራዝማች ውብነህ ይህን ሲያይ እንቅልፍ አጣ። አራት ክረምት የከረመ ሰውዬ፣ አገሩን እሱ የፈጠረው መሰለው።

በገበያ ቀን ነጋሪት አስመትቶ እንዲህ አሳወጀ ይባላል፦ «የአያቱን መቃብር በዚህ ምድር ማሳየት የማይችል ከደንገዝ ወዲህ ጎጆ አይቀልስ፣ መሬት አይረስ!» ሰፋሪው እልል አለ። እልል ብሎ ከተበተነ በኋላ ነው አሉ አንዷ ሴት ባሏን «ያንተስ አያት የት ነው የተቀበሩት?» ብላ የጠየቀችው።

አእምሮ ያለው ሰው አዋጁን ይሽር ነበር። እነርሱ ግን ጉብታው ላይ ወጥተው ድንጋይ መከመር ያዙ። በአንድ ሳምንት አርባ አንድ መቃብር ቆመ፣ ከሥሩ አንድም አጥንት የሌለው። የግራዝማች ውብነህ ክምር እንደ ማዕረጉ ከሁሉም በለጠ፤ አያቱ ደጋ ላይ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር እንደተቀበሩ የማያውቅ ግን አልነበረም። አንዱማ የአያቱን ስም ረስቶ የጎረቤቱን አያት ተዋሰ ይባላል። ይህም አልበቃ ብሏቸው ለድንጋዩ ተዝካር አወጡ! በሬ ታረደ፣ ሙሾ ወረደ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ቄሱ ፍትሐት አላደርግም ብለው እምቢ አሉ፤ ጠላውን ግን ጠጡ። በዚህ ካልታፈረ በምን ይታፈራል?

በዓመቱ ክረምት ሊገባ ሲል ደብሪቱ የምትባል ሴት ከወንዙ ዳር ደረሰች። ባሏ ሞቶባት፣ በሬዎቿን የከብት በሽታ ፈጅቶባት፣ የቀራት አንድ ዶማና አንድ ስልቻ የማሽላ ዘር ነበር። ሁለት ሴቶች ልጆቿንና ደረታቸውን የሚያማቸውን ሽማግሌ አባቷን፣ አባ ቸኮልን፣ ይዛለች። የመሻገሪያው ዘበኞች የአያቷን መቃብር ጠየቋት፤ ደጋ ነው አለች፤ ተመለሽ አሏት። የምትመለስበት ስለሌላት ሳትሻገር ከወንዙ ዳር ዳስ ጥላ ተቀመጠች። ዝናቡ ጀመረ። ዘሩ በጊዜው ካልተዘራ ልጆቹ ሊበሉት ነው፤ እሱ ካለቀ ደግሞ ሌላ የሚቀመስ የለም።

አባ ቸኮል አዋጁን ከዘበኞቹ አፍ ደጋግመው ካስነገሩ በኋላ ሳቁ ይባላል። ወደ ልጃቸው ዞረውም «ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? የልጆችሽ አያት እኔ አይደለሁም እንዴ?» አሏት።

«ኧረ አባባ፣ እንዲህ አይበሉ» አለችና አለቀሰች።

በማግስቱ ምርኩዛቸውን ይዘው ወንዙ ውስጥ ገቡ። ዘበኛው «ወዴት ነው?» ብሎ ቢጮህባቸው «ልሰፍር አይደለም፣ ልሞት ነው። ለመሞትም ነጋሪት ተመትቷል?» አሉት። ዘበኞቹ መንገዱን ለቀቁላቸው። ሽማግሌው ከዋርካው ሥር ተኙ፣ በሦስተኛው ቀንም አረፉ። አባቷን ልትቀብር ልጆቿን ይዛ ስትሻገር የከለከላት አልነበረም፤ ያን ያህል እንኳ አልከፉም። ጉብታው ላይ ወጥታ በዶማዋ መቃብር ቆፈረች። በዚያ ጉብታ ላይ ድንጋይ ተከመረ እንጂ መቃብር ሲቆፈር ያ የመጀመሪያው ነበር። ቀብራ ስትወርድ እንባዋን ሳትጠርግ ዳር መሬት ላይ ዘሯን ዘራች።

ግራዝማች ውብነህ ሊያስነቅላት ሎሌዎቹን ላከ። «በሕግ አምላክ!» ብላ ጮኸች፤ ሎሌዎቹም እንደ አገሩ ሥርዓት ባሉበት ቆሙ። ነገሩ ወደ ዳኛ ሄደ፤ ዳኛው ከዋርካው ሥር ተቀመጡ፣ ሰፋሪው ሁሉ ተሰበሰበ።

«አፈሩ ያልደረቀ መቃብር ምን መቃብር ነው?» አለ ግራዝማች።

«አዋጁ የአያት መቃብር አለ እንጂ የደረቀ አላለም» አለች ደብሪቱ። «የልጆቼ አያት እዚያ ናቸው። የሚጠራጠር ካለ ይቆፈር፣ አባቴ ይቅር ይሉኛል።» ቀጥላም ዶማዋን ከእግሩ ሥር አኖረች። «ከዚያ ግን እርስዎም የአያትዎን ይቆፍሩ፣ ጌታዬ።»

ግራዝማች ዶማውን አየው፤ አላነሳውም። ዳኛው ዓይናቸውን በአርባዎቹ ላይ አዞሩ፤ ያ ሁሉ ለድንጋይ ደረት የመታ ሕዝብ መሬት መሬት ያያል። አያት የተዋሰው ሰውዬ ሹልክ ብሎ ወጣ ይባላል። ዳኛውም ፈረዱ፦ «እንግዲህ በአዋጃችሁ መሠረት በዚህ አገር የመኖር መብት ያላቸው እነዚህ ሁለት ሕፃናት ብቻ ናቸው። ሌሎቻችሁ እነርሱን አስፈቅዱ።»

ነጋሪት ያስመታው ግራዝማች ውብነህ በሰባት ዓመት ልጅ ፊት ቆሞ «እንድኖር ፍቀጂልኝ» አለ። ልጅቱ እናቷን አየች፣ ጉብታውንም አየች።

«ይኑሩ» አለች። «ግን ለድንጋዩ እንዳለቀሱ ለአያቴም ያልቅሱ።»

በአርባኛው ቀን ለአባ ቸኮል ተዝካር ወጣ፤ አርባ አንዱም ቤት መጥቶ አለቀሰ። ከልብ ይሁን ከእፍረት፣ ሽማግሌዎቹም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም። አዋጁን በነጋሪት የሻረው የለም፤ ደፍሮ ያነሳው ሰው ጠፍቶ በዚያው ቀረ።

ዶማውን ደብሪቱ ከዋርካው ሥር አቁማው ሄደች ይባላል። እጀታውን ምስጥ እየበላው ስንት ጊዜ ተለወጠ፤ ብረቱ ግን ዛገ እንጂ አልተበላም። ዛሬም በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን እንግዳ ሲበዛ አንዱ ራሱን ረስቶ «መጤ» ይላል፣ ሽማግሌውም በጣቱ ያሳየዋል። እስካሁን አንስቶት ወደ ጉብታው የወጣ የለም።