የቦዩ ባለቤት

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ትርንጎ፣ ልክ እንደ አንቺ «ባለቤቱ ማነው? ሲበላሽስ ማንን ልጥራ?» የሚል። አንቺ የጠየቅሽኝ ሰዎች በበጎ ፈቃድ ሠርተው በነፃ ስለሚያድሉት የኮምፒውተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ እሱ የጠየቀው ስለ መስኖ ቦይ ነበር። ኮፒ ቤትሽ ደንበኛ እስኪገባ ድረስ ስሚኝ።

ይህ ገበሬ ለዓመታት ማሳውን ያጠጣ የነበረው በኪራይ ሞተር ነው። ሞተሩ በብረት ሳጥን ተቆልፎበት ይቀመጣል፤ ቁልፉ ባለሞተሩ ኪስ ውስጥ ነው። ሞተሩ ቀጥ ሲል ገበሬው ማሳው ዳር ቁጭ ብሎ ባለሞተሩን ይጠብቃል። አንድ ቀን ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ ባለሞተሩ ደረሰበትና «እንዴ! ማን ንካ አለህ?» ብሎ ጮኸበት። ከዚያ ወዲህ ገበሬው ወደ ሳጥኑ አይጠጋም። ውሃው እስከመጣለት ድረስ ምን ቸገረው?

በአንዱ በጋ ግን ባለሞተሩ መጣና «ቱቦህ አርጅቷል፤ ሞተሬ ከእንግዲህ ከአዲሱ ቱቦ ጋር ካልሆነ አይሠራም» አለው። ቱቦው አንድም ቀዳዳ አልነበረውም።

ያን ጊዜ ሚስቱ «ቦዩ እኮ በማሳችን ራስጌ ነው የሚያልፈው። ምን ይዞህ ነው የማትጠልፈው?» አለችው። ቦዩን የአካባቢው ሰው በደቦ ቆፍሮ ከወንዙ ያወረደው ነው፤ የፈለገ ሁሉ በነፃ ያጠጣበታል። ገበሬው ደግሞ ነፃ ነገር ሲባል «ኧረ ወዲያ!» ሲል የኖረ ሰው ነው። ቢቸግረው ጊዜ ወደ ውሃ አባቱ ዘንድ ሄደ፤ የውሃ አባት የሚባለው ነዋሪው የውሃ ተራ እንዲያስይዝ የመረጠው ሽማግሌ ነው።

«አባባ፣ የቦዩ ባለቤት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ተራ ነው የማስይዘው።»

«ታዲያ ባለቤቱ ማነው?»

«ይሄን ባለቤት የሚሉትን ነገር ተወኝ። ተራህን ያዝና ጠልፈህ አጠጣ። የተበላሸ ካየህ አብጀው። የተሻለ ዘዴ ካወቅህ አሻሽለው፤ ያሻሻልከውን ግን ለራስህ ብቻ አጥረህ እንዳትይዝ።»

ገበሬው ነገሩ ብዙም አልተዋጠለትም፤ ቢሆንም ጠለፈ። ሁለት ጥማድ መሬቱን በሙሉ ሽንኩርት ተከለበት። የዓመት ቀለቡም የልጆቹ ልብስም የሚወጣው ከዚያችው ማሳ ነው፤ ሌላ መሬት የለውም። በአራተኛው ሳምንት ውሃው ድርቅ አለ።

ምን ያደርጋል መሰለሽ? የለመደውን አደረገ። ማሳው ዳር ቁጭ አለ። ለአንድ ገበያተኛ «ቦዩ ተበላሽቷል፤ ውሃ አባቱን ሰው ይላኩ በልልኝ» ብሎ መልእክት ሰደደና ጋቢውን ተከናንቦ ጠበቀ። አንድ ቀን ሆነ፤ የመጣ የለም። ሁለት ቀን ሆነ። በሦስተኛው ቀን ችግኙ ጫፍ ጫፉን ቢጫ ሲል ሚስቱ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመችና «ማን እንዲመጣልህ ነው?» አለችው። ገበሬው ተነሥቶ ወደ ውሃ አባቱ ገሠገሠ።

«ነፃ ነገር እኮ ይኸው ነው! ሽንኩርቴ አለቀልኝ፤ እናንተ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላችኋል!» ብሎ ጮኸ።

ሽማግሌው ከተቀመጡበት አልተነሡም። «የት ላይ ነው የፈረሰው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«አላየኸውም?»

«እኔ ነኝ የማየው?»

«አንተ ሰው፣ ቦዩ ከወንዙ እስከ ማሳህ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ተበላሸ ብለህ ላክህ፤ ሰዉ የት ብሎ ይምጣልህ? ሂድና እየው። ያየኸውን ንገረኝ።»

ገበሬው እያጉረመረመ ቦዩን ሽቅብ ተከተለው። አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ሲደርስ ውሃው በቦዩ ግድግዳ ሾልኮ ወደ ገደሉ ሲንዶለዶል አገኘው። ሊነካው ፈራ። ከኋላው የሚጮህበት ሰው ያለ ይመስል ዞር ዞር ብሎ አየ። ማንም የለም። ጋቢውን አውልቆ ተንበረከከና ክንዱን ቀዳዳው ውስጥ ከተተ፤ በዕድሜው የሚያጠጣበትን ነገር ውስጡን ሲዳስስ የመጀመሪያው ነበር። ድንጋይና ሣር ጠቀጠቀበት። ውሃው ጥቂት ቆመለትና መልሶ በረገደው። የሆነ ሆኖ አሁን የሚናገረው ነገር አለው።

ተመልሶ «ከሾላው በታች፣ በግራ ግድግዳ ነው» አለ። «ፍልፈል በስቶታል፤ ውሃው አስፍቶታል። ክንዴን እስከ ብብቴ ከትቼ ጫፉን አላገኘሁትም። ድንጋይ ብሞክር እምቢ አለኝ።»

ሽማግሌው ብድግ አሉና ወደ ሰፈሩ ተጣሩ። ወዲያው አራት ሰው ዶማና አካፋ ይዞ መጣ፤ ገበሬው አንዳቸውንም በስም አያውቃቸውም። አንዲት ሴት «ፍልፈል ከሆነማ ድንጋይ አይዘውም፤ እኔ ጋ አምና በጭድ የተቦካ ጭቃ ነው የያዘው» አለች። ጭቃውን አቦኩ፤ ገበሬውም አብሯቸው ረገጠ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃው ማሳው ገባ። ዳር ያሉት መደቦች ግን ደርቀው ነበርና አልተረፉም፤ በዚያ ዓመት ልጆቹ አዲስ ልብስ አልለበሱም። አራቱ ሰዎች ግን አራቱም ቦታውን አይቶ ቢናገር ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይመጡለት እንደነበር አሁን ገብቶታል፤ እሱን ነው ያቃጠለው።

ትርንጎ፣ ቦዩ ያ ሲስተም ነው። ቆልፈው አልሰጡሽም፤ ገልጠሽ ብታዪው፣ ብታስተካክዪው፣ ለጎረቤትሽ ብትሰጪው የሚቆጣሽ የለም። የሠሩትን ሰዎች አታውቂያቸውም፤ ኢንተርኔት ላይ ግን አሉ፤ ይመጣሉም። አልዋሽሽም፣ «እኔ ምንም አላይም፣ ሌላ ሰው ይይልኝ» የምትል ሴት በኪራይ ሞተሯ፣ ማለትም ተቆልፎ በሚሸጠው ሲስተም፣ ብትቀጥል አልፈርድባትም። አንቺ ግን ትናንት ሲስተሙን ኮምፒውተርሽ ላይ ሳትጭኚ ከፍላሽ ላይ ሞክረሽው ደወልሽልኝ፤ «ፕሪንተሩ እምቢ አለኝ፤ ሰው ይላኩልኝ» አልሽ። ስክሪኑ ላይ ምን ይላል ብዬ ብጠይቅሽ ምን ብለሽ መለስሽልኝ? «እኔ ምን አውቄ!»

በይ ተነሺ፤ ኮምፒውተሩን ክፈቺና የሚለውን አንብቢልኝ።